ከክዳኑ በፊት

ቦታው ሙኒክ፣ ሐውስ ደር ኩንስት የሚባለው የጥበብ ቤት ነው። ጊዜው ጁን 2019። የጋና ተወላጅ የሆነው ቀራፂ ኤል አናትሱይ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሠራው ሥራ «ትራያምፋንት ስኬል» በሚል ርእስ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ይታያል። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ጋሼ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው፤ ለእህታቸው ልጅ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና መጥተዋል። ልጅት እዚያው ሙኒክ ነርስ ነች፤ የዕረፍት ቀኗን ተጠቅማ አጎቷን ይዛ ወጥታለች። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጋሼ፦ ቆይ እስቲ፣ ከመግባታችን በፊት። እነዚያ ልጆች ምን ሆነው ነው ወንዝ ላይ ሳንቃ ይዘው የተሰለፉት?

ልጅት፦ ማዕበል ሊጋልቡ ነው ጋሼ። ወንዙ አይስባኽ ይባላል፤ ድልድዩ ጋ ውሃው ሁልጊዜ ይነሳል። በረዶ ሲጥልም አይቀሩም።

ጋሼ፦ ባሕር በሌለበት ከተማ! ጥጋብ ነው።

ልጅት፦ እንግዲያው ይኸኛውን ማዕበል ይዩት። ሕንጻው ፊት ላይ የተሰቀለው፣ የሚያብረቀርቀው። ስሙ «ሁለተኛው ማዕበል» ነው፤ ለዚህ ቤት ተብሎ የተሠራ ነው።

ጋሼ፦ ይሄ እኮ ፕሌት ነው።

ልጅት፦ የምን ፕሌት?

ጋሼ፦ የማተሚያ ቤት ፕሌት ነዋ። ጋዜጣ የሚታተምበት አሉሚኒየም። እኛ ተራ በኪሎ ይመጣል። ስስ ስለሆነ ለምድጃ አይሆንም፤ እሳት ይበላዋል። ለሣጥን ውስጥ ሽፋን፣ ለጣሪያ ቀዳዳ ነው የምናውለው። ሰውዬው በደንብ አጥፎታል። ስስ ነገር ካልታጠፈ አይቆምም፤ እጥፋቱ ነው አጥንት የሚሆነው።

ልጅት፦ መግለጫውም ያገለገለ የኦፍሴት ፕሌት ነው የሚለው። ሳያነቡ አወቁት።

ጋሼ፦ ሕንጻው ግን ደስ አይልም። የዓምዱ ብዛት! ሰው የሚያስገባ አይመስልም።

ልጅት፦ ሂትለር ነው ያሠራው። በ1933 የመሠረት ድንጋዩን ራሱ አኖረ፤ በ1937 ተመረቀ። የወደደውን ጥበብ እዚህ ሰቀለ። በማግስቱ ደግሞ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ የጠላውን ሥዕልና ቅርፅ «የተበላሸ ጥበብ» ብሎ ለመሳለቂያ አሳየ። ለመሳለቂያው የመጣው ሕዝብ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ፤ እዚህ ከመጣው እጅግ ይበልጣል።

ጋሼ፦ አሁን ደግሞ አንድ የጋና ሰው አሮጌ ፕሌት አለበሰው።

ልጅት፦ ታስቦበት ነው። ዐውደ ርእዩን ያሰናዳው ኦኩዊ ኤንዌዞር ናይጄሪያዊ ነው፤ ከ2011 እስከ 2018 ይህን ቤት መርቷል። ከቺካ ኦኬኬ አጉሉ ጋር ሆነው ነው የደከሙበት። ማርች 8 ተከፈተ፤ ማርች 15 ኤንዌዞር አረፈ። ካንሰር ነበረበት። ገና 55 ዓመቱ ነበር።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። በይ እንግባ።

*

ጋሼ፦ ይሄ ጨርቅ ነው ብረት?

ልጅት፦ ቀረብ ብለው ይዩት። እንዳይነኩት ብቻ፤ ጥበቃዋ እያየችን ነው።

ጋሼ፦ ክዳን ነው! የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን።

ልጅት፦ ቆርኪ ነው፣ አዎ።

ጋሼ፦ ቆርኪ አይደለም። ቆርኪ የቢራና የለስላሳ ነው፤ ብረት ነው፣ ዳሩ ጥርስ አለው፣ ውሃ ሲነካው ይዝጋል። ይሄ እየተጠመዘዘ የሚከፈተው የጂንና የኡዞ ክዳን ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ በጣት ይታጠፋል። ሲከፈት አንገቱ ላይ የሚቀረውን ቀለበትም አልጣለውም። እዪ፣ ይሄን ጠፍጥፎ አራት ማዕዘን አድርጎታል። ይሄን ቆርጦ አጥፎ ጠባብ ጥብጣብ አወጣለት። እዚያ ላይ ደግሞ ጭንቅላቱን ክቡን እንዳለ ተወው። ከአንድ ዕቃ ስንት ዓይነት ጨርሶ!

ልጅት፦ እኔ ባለፈው ስመጣ ቀለሙን ብቻ አይቼ ነው የሄድኩት። ወርቁን፣ ቀዩን፣ ጥቁሩን። ልክ ነገሥታት የሚለብሱት ነገር መሰለኝ።

ጋሼ፦ ቀለሙማ የፋብሪካው ነው፤ እሱ አልቀባውም። የእሱ ሥራ ሽቦው ላይ ነው ያለው። የመዳብ ሽቦ መምረጡን አየሽ? የብረት ሽቦ ቢሆን ይዝግና ይበጠሳል። የአሉሚኒየም ሽቦ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠመዘዝ ቀጭ ይላል። መዳብ ታዛዥ ነው። ክዳኑን ጥግ ጥጉን በስቶ አያያዘው፤ ግን አላጠበቀውም። ክፍተት ትቶለታል። ጨርቅ ያስመሰለው ያ ክፍተት ነው። እኔ ብሆን ገትሬ አስሬ መልሼ ቆርቆሮ አደርገው ነበር።

ልጅት፦ ብቻውን አይደለም የሚሠራው። ናይጄሪያ ንሱካ በምትባል ከተማ ሰፊ የሥራ ቤት አለው። ወጣቶች ተቀምጠው ክዳኑን ይጠፈጥፋሉ፣ ይበሳሉ፣ ያያይዛሉ። መጀመሪያ ትንንሽ ቁራጭ ያወጣሉ። ከዚያ እሱ ቁራጩን ሁሉ ወለል ላይ ዘርግቶ ያይና ፎቶ ያነሳል፣ ይበትናል፣ ቦታ ያለዋውጣል፣ እንደገና ያነሳል። ሲያምንበት ነው ቁራጩ ከቁራጭ ጋር የሚሰፋው።

ጋሼ፦ የልጆቹ ስም የት ተጽፏል?

ልጅት፦ የት ላይ?

ጋሼ፦ ግድግዳው ላይ ነዋ። የሱ ስም በር ላይም፣ ወረቀቱ ላይም፣ ግድግዳው ላይም አለ። እጃቸው የቆሰለው ልጆች ናቸው። የሾለ አሉሚኒየም እንዴት እንደሚቆርጥ እኔ አውቃለሁ።

ልጅት፦ ሱዛን ቮግል የምትባል ባለሙያ ስለሱ በሠራችው ፊልም ውስጥ ልጆቹ ሲሠሩ ይታያሉ። ደግሞም ደመወዝተኞች ናቸው ጋሼ። እርስዎም ሱቅ ውስጥ የሚሠሩልዎት ልጆች አሉ፤ ምድጃው ሲሸጥ የማን ምድጃ ይባላል?

ጋሼ፦ የኔ ይባላል። ግን የኔ ምድጃ ሦስት መቶ ብር ነው። የሱ ስንት ነው?

ልጅት፦ በጨረታ ከሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣላቸው አሉ።

ጋሼ፦ እንግዲህ! በሚሊዮን የሚሸጥ ዕቃ ላይ የሠራተኛውን ስም ጥግ ላይ ቢጽፉ ቀለም አይጨርስባቸው።

ልጅት፦ በዚህ አልከራከርዎትም።

ጋሼ፦ ክዳኑን ከየት ነው ያመጣው?

ልጅት፦ በ1998 ነው። ንሱካ አካባቢ ሲንቀሳቀስ ጥሻ ውስጥ የተጣለ ከረጢት አገኘ፤ ሲከፍተው የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን ነው። ወደ ሥራ ቤቱ ወስዶ ለወራት አስቀመጠው። ምን እንደሚያደርገው አላወቀም ነበር።

ጋሼ፦ አየሽ! ዕድል ነው። ያንን ከረጢት ቆራሌው ቢያገኘው ኖሮ በኪሎ ይሸጥልን ነበር። እኛም አቅልጠን ማንኪያ እናደርገዋለን።

ልጅት፦ ይኸን እንደሚሉ አውቄ ነው ያመጣሁዎት። የክዳኑን ሥራ ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ዕድል ነው ይላል። ሌሎቹን ክፍሎች እንይና እንነጋገር።

*

ጋሼ፦ ይሄ ደግሞ ገበታ ነው።

ልጅት፦ ጋና ገበያ ላይ ሴቶች የሚሸጡትን ነገር የሚደረድሩበት የእንጨት ትሪ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገና ወጣት መምህር ሳለ ነው የሠራው። ኩማሲ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ያስተማሩት የአውሮፓን ቅርፃ ቅርፅ ነበር፤ የራሱ አገር እጅ ሥራ ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም። ሲመረቅ ራሱ ፈልጎ ሄዶ የአካን ሕዝብ አዲንክራ የሚላቸውን ምልክቶች አጠና። እዚህ ትሪው ላይ ያሉት ምልክቶች በጋለ ብረት የተተኮሱ ናቸው።

ጋሼ፦ በጋለ ብረት እንጨት መተኮስ ቀላል እንዳይመስልሽ። ትንሽ ከቆየሽ ይነድዳል፤ ከፈጠንሽ አይዝም። መስመሩ አንድ ዓይነት ነው፤ እጁ ጎበዝ ነው። ግን ይኸ ቆንጆ ዕቃ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ሆቴል ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል።

ልጅት፦ እውነትዎን ነው። እሱም ብዙ አልቆየበትም። በ1975 ናይጄሪያ ንሱካ ዩኒቨርሲቲ ቅርፃ ቅርፅ ሊያስተምር ሄደ፤ እዚያው ቀረ። ቀጥሎ የመጣው ይኸ ነው፤ ሸክላ።

ጋሼ፦ የተሰበረ ነው።

ልጅት፦ ሆን ብሎ ነው። «የተሰበሩ ማሰሮዎች» ይላቸዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ነው። ጭቃው ውስጥ ማንጋኒዝ ቀላቅሎ ይተኩሳል። ገሉን ከገል ያጣብቃል፤ ግን ስንጥቁን አይደብቅም።

ጋሼ፦ ይኸኛውን ወደድኩት። ስንጥቁን እንዳለ የተወው ሰው ኋላ ሽቦውን አላጠበቀም። አንድ ሰው ነው።

ልጅት፦ እኔ ይኸን አላየሁትም ነበር።

ጋሼ፦ ሰው ሲሠራ ያየሁት ስንት ዓመት ነው መሰለሽ? እጅ አይዋሽም። ቀጥዪ።

ልጅት፦ ይኸ ደግሞ በሞተር መጋዝ የተሠራ ነው። በ1980 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከሌሎች ሠዓሊያንና ቀራፂዎች ጋር ለመሥራት ሄዶ ነበር፤ ዛፍ የሚቆርጡበትን መጋዝ አነሳና ቅርፅ ይቀርፅበት ጀመር። ጠባብ ጠባብ ሳንቃ ጎን ለጎን ይደረድራል። ከዚያ በመጋዙ ይቦጭቀዋል፣ በእሳት ነበልባል ያጠቁረዋል፣ አንዳንዱን ቀለም ይቀባዋል። የመጋዙ ጭረት አፍሪካ በአውሮፓውያን የመቆራረጧ ምልክት ነው ይላሉ፤ እሱም ብሎታል።

ጋሼ፦ እሱን ይተዉት። መጋዙ ራሱ ይናገራል፤ ሰው እንጨት ላይ እንዲህ የሚያደርገው ሲናደድ ነው። ሳንቃዎቹ ግን አልተጣበቁም እንዴ?

ልጅት፦ አልተጣበቁም። ግድግዳ ላይ ተደርድረው ነው። የሚሰቅለው ሰው ቅደም ተከተላቸውን ሊቀይር ይችላል፤ እሱ ፈቅዷል።

ጋሼ፦ እንዴት? ሠርቶ ጨርሶ ሌላ ሰው እንዲያዛባው?

ልጅት፦ ይኸውልዎ፣ ዋናው ነገር ይኸ ነው። ክዳኑም እንደዚያ ነው። ያ ወርቅ የሚመስለው ትልቁ ሥራ ከንሱካ ሲነሳ እንደ ጋቢ ተጣጥፎ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ስቀሉት፣ እዚህ ጋ ሸብሽቡት የሚል መመሪያ የለም። ሙዚየሙ ሲደርስ የዚያ ቤት ሰዎች ይዘረጉታል፣ ይሰቅሉታል፣ እጥፋቱን ይሠሩታል። ለንደን ላይ የነበረው ቅርፅ ሙኒክ ላይ አይደገምም። ያን ነፃነት መጀመሪያ የሞከረው በዚህ እንጨት ነው፤ ከረጢቱን ከማግኘቱ ብዙ ዓመት ቀድሞ።

ጋሼ፦ ኧረ እኔስ አልፈቅድም። በር ሠርቼ ሰጥቼ፣ ባለቤቱ ገልብጦ ቢሰቅለው?

ልጅት፦ በር አይደለማ።

ጋሼ፦ አይደለም፣ ልክ ነሽ። ግን ድፍረት ይጠይቃል። እኔ ጎበዝ የሆንኩት ዕቃዬ ከእጄ ከወጣ በኋላ እንዳይለወጥ በማድረግ ነው። ምናለሽ ተራ ስምሽ የሚነሳው በዚያ ነው፤ «የሱ ምድጃ አይጣመምም» ከተባለ አበቃ። ይኸ ሰው እንዲጣመም አድርጎ ነው የሚሰጠው። ዕድሜው ስንት ነው?

ልጅት፦ በ1944 ነው የተወለደ። አንያኮ በምትባል ቦታ፤ ጋና ውስጥ፣ በኬታ ሐይቅ ዳር። ለአባቱ የመጨረሻው፣ ሠላሳ ሁለተኛው ልጅ ነው። አባቱም ወንድሞቹም ኬንቴ የሚባለውን ጥበብ ይሸምኑ ነበር፤ እሱ ግን ሽመና አልተማረም። ያደገው የፕሮቴስታንት ቄስ በሆነው አጎቱ ቤት ነው።

ጋሼ፦ ሸማኔ ቤት ተወልዶ ሳይሸምን ቀረ፤ ኋላ በሽቦ ሸመነው።

ልጅት፦ ሁሉም የሚለው ይኸንኑ ነው። እሱ ግን «ቀራፂ ነኝ» ነው የሚለው። ከመጀመሪያዎቹ የክዳን ሥራዎች ሁለቱን «የወንድ ልብስ» እና «የሴት ልብስ» ብሎ ሰየማቸው፤ የብሪታንያ ሙዚየም ነው የገዛቸው። ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ልብስ ማለቱ ሳይሰለቸው አይቀርም። እኔ ራሴ ልብስ የሚለው ጠቦ ነው የሚታየኝ። ማሰሮውና እንጨቱ የት ይግቡ?

ጋሼ፦ በ1998 ከረጢቱን ሲያገኝ እንግዲህ 54 ዓመቱ ነው።

ልጅት፦ አዎ። ዓለም ያወቀው ደግሞ በ2007 ቬኒስ ላይ ነው፤ 63 ዓመቱ ላይ። ፎርቱኒ የሚባለውን ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፊቱን በክዳን አለበሰው። በ2015 እዚያው ቬኒስ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸለሙት። የዚያን ዓመት የቬኒስ ዐውደ ርእይ የመራው ይኸው ኤንዌዞር ነበር።

ጋሼ፦ 54 ዓመት። ደግ ነው። እንደኔ ያለው ሰው ተስፋ ይኖረዋል ማለት ነው።

ልጅት፦ ታዲያ አሁንስ ዕድል ነው ይላሉ?

ጋሼ፦ ከረጢቱ ዕድል ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ከረጢት ምንጊዜም ዕድል ነው። ግን ያን ጊዜ እጁ ባዶ አልነበረም። ቁራጭ ከቁራጭ ማገጣጠሙን በሸክላ ለምዶታል፤ አለማጣበቁን በእንጨት ለምዶታል። ክዳኑ የመጣው ለተዘጋጀ ሰው ነው። ይኸን የምልሽ ግን እንጨቱን ስላየሁ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ብቻ አይቼ ብወጣ አገር ቤት ሄጄ «ፈረንጅ በቆሻሻ ተታለለ» ብዬ ነበር የማወራው።

ልጅት፦ የዚያን ጊዜ ሌላም ነገር ይሞክር ነበር። የፒክ ወተት ቆርቆሮ ክዳን ሰብስቦ በመዳብ ሽቦ አያይዟል፤ 1999 ላይ። ሴቶች ካሳቫ የሚፈቀፍቁበትን የዛገ ቆርቆሮ አገጣጥሞ ግድግዳ የሚያህል አድርጓል።

ጋሼ፦ መፈቅፈቂያውን በሚስማር እየበሱ ነው የሚሠሩት?

ልጅት፦ አዎ።

ጋሼ፦ የካሮት መፈቅፈቂያ ነው። እኛም ከዘይት ቆርቆሮ እንሠራዋለን። አንድ ቀን ሙሉ ሚስማር መምታት ነው፤ ማታ ጆሮሽ አይሰማም።

*

ልጅት፦ ይኸ አዳራሽ ደግሞ ለዚህ ቤት የተሠራ ነው። «የሚነሣው ባሕር» ይባላል።

ጋሼ፦ ትልቅ ነው።

ልጅት፦ አልወደዱትም።

ጋሼ፦ ትልቅነቱ አስደነገጠኝ እንጂ ደስ አላሰኘኝም። ግድግዳው ትልቅ ስለሆነ የተለቀ ይመስላል። መካከለኞቹ ይሻላሉ፤ እዚያ ክዳኑን አንድ በአንድ ታዪዋለሽ። እዚህ ክዳኑ ጠፋ።

ልጅት፦ እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜ አልቅሼ አውቃለሁ። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ ሳልተኛ ነው የመጣሁት።

ጋሼ፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያለቅሳል ልጄ፤ ተኚ።

ልጅት፦ ይሁን። ያኛው ተንጠልጥሎ እንደ ዋሻ የሚያስዞረው «ሎጎሊጊ ሎጋሪዝም» ነው፤ ስሙን ከጋናዊው ባለቅኔ ከአቱክዌ ኦካይ ነው የወሰደው። ይግቡበት።

ጋሼ፦ ገባሁ፣ ወጣሁ። ልጆች ይወዱታል።

ልጅት፦ (እየሳቀች) እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ክዳኑ የመጠጥ መሆኑ ምንም አላለዎትም?

ጋሼ፦ ጠጪ መብዛቱን ነው የሚለኝ።

ልጅት፦ እሱ ደጋግሞ የሚናገረው አለ። መጠጥ አውሮፓውያን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዘውት ከመጡት ሸቀጥ አንዱ ነው። በአረቄ ሰው ተገዝቷል። የተገዛው ሰው ባሕር ተሻግሮ ሸንኮራ ተከለ፤ ከሸንኮራው ሩም ወጣ፤ ሩሙ ተመልሶ መጣ። ኬታ ላይ ዴንማርኮች የሠሩት ምሽግ አለ፤ እሱ ከተወለደበት ማዶ ማለት ነው። በ1996 ዴንማርክ ሄዶ ባሕር የተፋውን እንጨት ከዳርቻ ለቅሞ ስለ ባሪያ ንግዱ ሠርቶበታል። «የአኩዋ የተረፉ ልጆች» ይባላል። እንግዲህ ክዳኑን ከማግኘቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ታሪኩ በውስጡ ነበር።

ጋሼ፦ ይኸን ሳትነግሪኝ ክዳኑ ላይ አላየሁትም።

ልጅት፦ ታዲያ ይጎድለዋል?

ጋሼ፦ አይጎድለውም። መጀመሪያ ዓይን ይያዝ፤ ታሪኩ ቀጥሎ ይመጣል። ታሪኩን አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ሽቦውን አላይም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ሥዕሉን አይተሽ ነው የምትስሚው፤ ገድሉን አንብበሽ አይደለም።

ልጅት፦ ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል ግን፤ የመጠጡ ስም። ይኸው እዚህ ጋ።

ጋሼ፦ እሱማ አየሁት። ሻጩ ስሙን እንዲታወቅለት ብሎ አትሞ፣ ጠጪው ጥሎት፣ ይኸውና ሙኒክ ገባ።

*

ልጅት፦ ስለ ምናለሽ ተራ አንድ ነገር ልንገርዎት። ኤልያስ ስሜን ያውቁታል?

ጋሼ፦ ዞማ ሙዚየምን የሠራው? በጭቃ? ሰምቻለሁ፤ ዘንድሮ ተከፈተ አሉ፤ መካኒሳ።

ልጅት፦ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው። እሱ እኮ የሚሠራበትን የኮምፒዩተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ከናንተ ተራ ነው የሚገዛው። በዓለም ያሉ ትልልቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ምናለሽ ተራ ተሰቅሏል ማለት ነው።

ጋሼ፦ የኮምፒዩተር ዕቃ ከኔ ሱቅ ወደ ላይ ባለው መደዳ ነው። እዚያ የሚገዛ ሁሉ አቅልጦ ወርቅ ሊያወጣ የሚመስላቸው አሉ። ይልቅ አንድ ነገር ነው ያሳዘነኝ።

ልጅት፦ ምን?

ጋሼ፦ ይኸ ትሪ። ያ ምልክት የተተኮሰበት። ቆንጆ ዕቃ ነው ብዬ የናቅሁት። ማን አስቀመጠው ይኸን ሁሉ ዓመት? ሃምሳ ዓመት ገደማ ነው። ባይቀመጥ ኖሮ ማሰሮው ከትሪው እንደመጣ፣ ክዳኑ ከእንጨቱ እንደመጣ እኔና አንቺ በምን እናውቅ ነበር? እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ የለኝም። አባቴ ኩራዝ ይሠራ ነበር፤ ከወተት ቆርቆሮ። አንድ እንኳ ቤታችን የለም። ሸጥነው። የተበላሸውን ደግሞ መልሰን ቀጠቀጥነው።

ልጅት፦ ምናለሽ ተራ ምን የሚቀመጥ ነገር አለ ጋሼ? መብላት አለ፣ ኪራይ አለ።

ጋሼ፦ ለኔ እሺ። የቀራፂዎቹስ? አዲስ አበባ ውስጥ ቀራፂ አለ፤ የሥነ ጥበብ ተማሪ ቤት አለ፣ አለ ፈለገ ሰላም። ልጆቹ ለመመረቂያ የሚሠሩትን አይቻለሁ፤ ብረት ሊሸጥልን የመጣም አለ። ሲመረቅ የሠራውን፣ ቦታ ስለሌለው፣ በኪሎ። እኔም ገዝቻለሁ። ልጁ ኋላ ትልቅ ሰው ቢሆን፣ እንደዚህ ሰብስበን እንይለት ብትዪ፣ መጀመሪያው ምድጃ ሆኗል።

ልጅት፦ ለምን አላስቀመጡለትም?

ጋሼ፦ የት? ሱቄ አንቺ ከምትተኚበት ክፍል ያንሳል። ግን አንድ መጋዘን፣ ዝናብ የማያስገባ፣ መዝገብ ያለው፣ ይኸን ያህል ከባድ ነገር ነው? ሙዚየም ይሁን አላልኩም። መጋዘን። ስም፣ ዓመት፣ ምን እንደተሠራበት ተጽፎ ይቀመጥ። ትምህርት ቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ነጋዴዎችም እንችላለን፤ ዕድራችን ድንኳንና ወንበር ያስቀምጣል አይደል? ብረት ማስቀመጥ አያቅተውም።

ልጅት፦ ይኸን ለዕድሩ ይነግሯቸዋል?

ጋሼ፦ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኛል፤ ግን እነግራቸዋለሁ። ፎቶ አንስተሻል?

ልጅት፦ ክዳኑን አንስቻለሁ።

ጋሼ፦ ክዳኑን ተዪው፤ እሱ በየትም ይገኛል። ትሪውንና ማሰሮውን አንሺልኝ። በማሰሮው ነው የማስረዳቸው።

ልጅት፦ እሺ። ልጅዎ ዶሐ ሆቴል ነው አይደል የምትሠራው?

ጋሼ፦ አዎ፤ ምነው?

ልጅት፦ ይኸ ዐውደ ርእይ እዚህ ጁላይ 28 ይዘጋል። ከዚያ ኦክቶበር ላይ ዶሐ ነው የሚሄደው፤ ማትሐፍ የሚባል የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ፣ ኤዱኬሽን ሲቲ ውስጥ። ቀጥሎ ስዊዘርላንድ፣ በርን።

ጋሼ፦ ዛሬ ማታ ደውይላት። ዕረፍቷ ማክሰኞ ነው። ስትሄድ ከክዳኑ እንዳትጀምር ንገሪያት፤ ከእንጨቱና ከሸክላው ትጀምር።